ወይኑን ማን ነካው?

የባሕር ዳርቻ ጉዞ ጽሑፍ ደንብ አለው። ጸሐፊው ይደርሳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ «እንዲህ ያለ ዓሣ ቀምሰን አናውቅም» ይላል፣ ሂሳቡን ይነግረናል፣ ይሄዳል። እኛም ከአሽቀሎን እስከ ናሃሪያ ባለው የሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ጥቂቱን በባቡር፣ ጥቂቱን እዚያ «ሼሩት» በሚሏትና የእኛን ሚኒባስ ታክሲ በምትመስል መኪና ስንጓዝ በልተናል፤ ጠጥተናልም፤ አንደብቅም። ነገር ግን ከጋዜጠኝነት ትምህርት የተረፈን አንድ ክፉ ልማድ አለ። ብርጭቆ ሲቀርብልን «ማን ሠራው?» ብለን እንጠይቃለን። በዚያ ዳርቻ ላይ ደግሞ ይህ ጥያቄ ዋዛ አይደለም። «ማን ሠራው?» ብሎ መጠየቅ ውሎ አድሮ «ማን ነካው?» ወደ ማለት ይወስዳል፤ እሱ ጥያቄ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ጎንደር ድረስ ይመጣል። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ከወዲሁ ይታወቅልን።)

ከደቡብ እንጀምር። አሽቀሎን ጥንታዊ ወደብ ናት። ፈረንጆች ለአንድ የቀይ ሽንኩርት ዘመድ የሰጡት «ስካሊየን» የሚል ስም እንኳ ከዚህችው ከተማ የመጣ ነው። ከእሷ ትንሽ ወደ ሰሜን ያቭኔ አለች። በያቭኔ የእስራኤል የቅርሳ ቅርስ ባለሥልጣን ቁፋሮ አካሂዶ በጥቅምት 2021 ያገኘውን ይፋ ሲያደርግ፣ የወይን ታሪክ የሚወድ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቅንቷል። የተገኙት አምስት ግዙፍ የወይን መጥመቂያዎች ናቸው። የእያንዳንዳቸው ስፋት ወደ 225 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ዕድሜያቸው 1500 ዓመት ያህል ነው። ወይኑ በባዶ እግር ይረገጥበት የነበረው ወለል፣ ጭማቂው የሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ መጋዘኑ፣ እንስራው የሚተኮስበት ምድጃ ሳይቀር ተገኝቷል። ቆፋሪዎቹ እንደገመቱት በዓመት እስከ ሁለት ሚሊዮን ሊትር ይጠመቅ ነበር። ሞተር በሌለበት፣ በሰው ተረከዝ!

ይህ ወይን በዘመኑ «የጋዛ ወይን» ይባል ነበር፤ በጋዛና በአሽቀሎን ወደቦች እየተጫነ ይወጣ ስለነበር። ቀለል ያለ ነጭ ወይን ነበር። ረዘም ብሎ ቀጠን ያለው የጋዛ እንስራ ስብርባሪ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ብቻ ሳይሆን እስከ ብሪታንያ ድረስ ተለቅሟል። የቱር ጳጳስ የነበረው ግሪጎሪ በ6ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ፈረንሳይ ሆኖ ስለ ጋዛ ወይን ጽፏል። የሚገርመው ነገር፣ ዛሬ ስለ ወይን ሲወራ የፈረንሳይ ስም ይቀድማል፤ ያኔ ግን ወይን ይገዛ የነበረው ፈረንሳዊው፣ ሻጯ ጋዛ ነበረች።

ታዲያ ምን ነካው? በትምህርት ቤት የሚነገረው መልስ አጭር ነው፤ «እስልምና መጣ፣ ወይን ቀረ» ይባላል። የቆሻሻ ክምር ግን ሌላ ይናገራል። በኔጌቭ በረሃ ዳር በነበሩት በሃሉጻ፣ በሺቭታና በኒጻና የጥንት የቆሻሻ ክምሮች ውስጥ የወይን ፍሬና የእህል ዘር እየለቀሙ የቆጠሩ ተመራማሪዎች በ2020 ያሳተሙት ጥናት አለ። ወይኑ በ4ኛው፣ በ5ኛውና በ6ኛው መጀመሪያ እየበዛ ይሄዳል፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ግን ይወርዳል። የአረቦች ጦር ከመድረሱ በፊት መሆኑ ነው። በ541 የዩስጢንያኖስ ቸነፈር ተነስቷል። ቸነፈሩ መጀመሪያ የታየው በግብፅ ዳርቻ በፔሉሲየም ሲሆን፣ ያ ከጋዛ ብዙም የማይርቅ ነው። በዚያው ዘመን የአየሩ ጠባይም ቀዝቅዞ ነበር። ጠጪው በየከተማው ሲያልቅ አምራቹ ለማን ይጥመቅ? የወይን እርሻ እንደ ገብስ አይደለም። ሆድ አይሞላም፤ ሸጠህ ነው የምትበላበት። እኛ በበኩላችን ይህን ማብራሪያ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ እናምነዋለን። ቆሻሻ የሚዋሽበት ምክንያት የለውም።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠን። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ንግድ የጻፈው መምሪያ አለ፤ የኤርትራ ባሕር ጉዞ ይባላል። ወደ አዱሊስ ምን ቢያስገቡ እንደሚሸጥ ሲዘረዝር ከዕቃዎቹ መካከል የሎዶቅያና የጣሊያን ወይንን ይጠቅሳል፤ ብዙ አታምጡ፣ ጥቂት ይበቃል ከሚል ማሳሰቢያ ጋር። ሎዶቅያ በሶርያ ጠረፍ ያለችው የዛሬዋ ላታኪያ ናት፤ በዚያው የባሕር ዳርቻ ከያቭኔ ወደ ሰሜን ሲኬድ የምትገኝ። «ጥቂት» ማለቱ ደግሞ አልገረመንም። ጠጅ ባለበት አገር ወይን ብዙ ምን ሊሠራ?

ከዚያ ወዲህም ንግዱ አልቆመም። ከዛሬዋ ዓቃባ የወጣ አንድ ዓይነት እንስራ በአዱሊስም በአክሱምም ስለተገኘ ሊቃውንቱ «የአይላ-አክሱም እንስራ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ከምጽዋ ራቅ ብላ ባለችው በጥቁር አሳርካ ደሴት አጠገብ በሰመጠች መርከብ ውስጥም ይኸው እንስራ ተከምሮ ተገኝቷል። በውስጡ ወይን ነበር፣ የዓሣ ማጣፈጫ ነበር፣ ወይስ ቴምር በሚለው ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። የባሕሩ መንገድ በኋላ ሲዘጋ ግን ለቅዳሴ የሚሆነው ወይን ከየት ይምጣ? የእኛ ቤተ ክርስቲያን ዘቢብ ዘፍዝፋ፣ ጨምቃ መቀደሷን ይዛለች። ዘቢብ በግመል ይመጣል፤ አይፈስስም፣ አይኮመጥጥም። በየደብሩ እስከ ዛሬ የሚታየው ዘቢብ ለእኛ የዚያ የተቋረጠ ወይን ትዝታ ይመስለናል። (ስሙን አክሱሚት ያለው ጣፋጭ ወይናችን ያንን ዘመን ያስታውስ እንደሆነ ለጠጪዎቹ እንተወዋለን።)

ወደ ጉዟችን እንመለስ። በመካከለኛው ዘመን ላይ አንቆምም። ወይኑ በየገዳሙና በየአይሁድ ቤቱ ቆይቷል፤ ብዙው እርሻ ግን ፍሬው ለመብል፣ ጭማቂው በእሳት ተቀቅሎ ለሽሮፕ እየዋለ ቀጥሏል። ያፎ (ጃፋ) ስንደርስ ርቦን ስለነበር ታሪኩን ትተን አቡ ሐሰን ገባን። ይህ ቤት ሽንብራ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁሙስ፣ መሰብሐ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ፣ በቃ። ማሰሮው ሲያልቅ በሩ ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ የደረሰ ጾሙን ያድራል። ሽሮ ለለመደ ሰው ሽንብራ ምሥጢር ባይሆንም፣ ያ ሁሙስ ግን አፋችንን አዘግቶናል። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ከማናውቀው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ስንበላ ያስታወስነው ነገር፣ ያፎ እስከ 1948 ድረስ ብርቱካኗን ለዓለም የምትልክ ትልቅ የአረብ ከተማ እንደነበረችና በዚያ ዓመት ጦርነት አብዛኛው ሕዝቧ በመርከብና በእግር እንደወጣ ነው። ሁሙሱን የሚሠሩት የቀሩት ናቸው።

ከዚያ ሪሾን ለጺዮንና ዚክሮን ያዕቆብ። ሁለቱም የተቆረቆሩት በ1882 ነው፤ ከሩሲያ ግዛትና ከሮማንያ በመጡ፣ እርሻ ይቅርና ዶማ በወጉ ይዘው በማያውቁ ሰዎች። ረሃቡና ወባው ሊጨርሳቸው ሲል ከፓሪስ ደረሰላቸው፤ ባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሺልድ። አባቱ ጄምስ (በዕብራይስጥ ያዕቆብ) በ1868 በቦርዶ ሻቶ ላፊትን የገዛ ሰው ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ልጅ «ድኻ ገበሬ ምን ይዝራ?» የሚል ጥያቄ ብታቀርቡለት መልሱ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ወይን!

ከፈረንሳይ ችግኝ መጣ፣ ባለሙያ መጣ፣ አስተዳዳሪ መጣ። በሪሾን፣ ቀጥሎም በ1892 በዚክሮን፣ ከመሬት በታች ጥልቅ የወይን ጓዳ ያላቸው ፋብሪካዎች ተሠሩ። ዚክሮን የሚለው ስም ራሱ «የያዕቆብ መታሰቢያ» ማለት ነው፤ ለባሮኑ አባት። ነገሩ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ፊሎክሴራ የምትባል፣ የወይን ሥር የምትመጥ ጥቃቅን ነፍሳት አውሮፓን ካራቆተች በኋላ እዚህም ደረሰች። ተክሉ ተነቅሎ፣ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የአውሮፓው ዝርያ እየተሰካ እንደገና ተተከለ። ገበሬዎቹ በበኩላቸው በባሮኑ አስተዳዳሪዎች ተማረሩ፤ ሹሞቹ ፈረንሳይኛ እያወሩ እንደ ጭሰኛ ነበር የሚያዟቸው። ከዚህም ሁሉ የከፋው ወይኑ ገዢ አለማግኘቱ ነው። ባሮኑ ከገበያው በላይ እየከፈለ ይገዛቸው ነበር፤ ጓዳው ሞላ። ድጎማው ሲቀር ብዙ ወይን ተነቅሎ በምትኩ ሌላ ተተከለ። በ1906 ፋብሪካዎቹን የወይን ገበሬዎቹ ማኅበር ተረከበ፤ ካርሜል በሚባል ስም የምናውቀው ወይን የእሱ ውጤት ነው። ባሮኑ በ1934 ፈረንሳይ ውስጥ ሞተ፤ አፅሙ በ1954 መጥቶ ከዚክሮን አጠገብ ራማት ሃናዲቭ በሚባለው የአትክልት ሥፍራ ዐርፏል። ቦታው ያምራል። ባሕሩም ከሩቅ ይታያል።

የዚክሮን ዋና ጎዳና ዛሬ የሽርሽር ሰፈር ነው። ድንጋይ የተነጠፈበት፣ በግራ በቀኝ ምግብ ቤት፣ አይብና ወይራ፣ የወይን መቅመሻ። በአንዱ ተቀምጠን ቀይ ወይን ስናዝዝ ጠርሙሱ ላይ ከዓመቱና ከዝርያው ሌላ የኮሸር ማኅተም ነበረበት። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው።

በአይሁድ ሕግ ወይን ከሌላው ምግብ ይለያል። ሌላው ምግብ ኮሸር የሚሆነው በአሠራሩ ነው፤ ወይን ግን በሠራው ሰውም ጭምር ነው። በጥንት ዘመን ወይን ለጣዖት ይፈስስ ስለነበር፣ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው የነካው ወይን አይጠጣም ተባለ። የተፈላ ከሆነ ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ በወይን ፋብሪካ ውስጥ በርሜሉን የሚከፍተው፣ ቧንቧውን የሚቀጥለው እጅ የማን እንደሆነ የሃይማኖት ተቆጣጣሪው ይመረምራል።

በሰኔ 2018 የእስራኤል የሕዝብ ማሠራጫ ካን አንድ ዜና አወጣ። በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ ወይን ጠማቂዎች አንዱ በሆነው በባርካን ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን አይሁድ ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ ተነሥተው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረዋል። ምክንያቱ ኩባንያው «ኤዳ ሃሬዲት» ከሚባለውና ከሁሉም ይበልጥ ጥብቅ ከሆነው የኢየሩሳሌም ማኅበር ማኅተም ለማግኘት መፈለጉ ነው፤ ማኅበሩ ደግሞ የእነዚህን ሰዎች አይሁድነት ይጠራጠራል። ሰዎቹ በዚያ ፋብሪካ ሲሠሩ የቆዩ ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ እጃቸው የነካው ወይን በየሰንበቱ ተባርኮ ሲጠጣ ነበር።

ያን ጊዜ የሰፋርዲ ዋና ራቢ የነበሩት ይስሐቅ ዮሴፍ ድርጊቱን ዘረኝነት ብለው አወገዙት። ይህ ቃል ከእሳቸው መምጣቱ ትርጉም አለው፤ አባታቸው ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑት ሰው ናቸውና። ኦቫዲያ ዮሴፍም ከራሳቸው አላመጡትም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የኖሩት ራቢ ዳዊት ኢብን ዚምራ የሰጡትን ፍርድ ጠቅሰው ነው። በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕጉ ለቤተ እስራኤልም እንደሚሠራ ተቀበለ። ከዚያ የ1984ቱ ዘመቻ ሙሴ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ የወሰደው ዘመቻ ሰሎሞን መጣ። እንግዲህ አስቡት። አራት መቶ ዓመት የቆየ ፍርድ፣ የመንግሥት ሕግ፣ ሁለት ዘመቻ ተጨማምሮ አንድ የወይን ቧንቧ ለማስነካት አልበቃም! ከጩኸቱ በኋላ ኩባንያው ከአሠራሩ መመለሱን አስታወቀ። ነገሩን ለሰሙት ኢትዮጵያውያን ግን አዲስ አልነበረም፤ በ1996 የለገሱት ደም በስውር ሲደፋ እንደኖረ በጋዜጣ ያነበቡ ሰዎች ናቸው።

ይህን ያወራነው ኔታንያ ነው። ኔታንያ ከገደል ጫፍ ባሕሩን ቁልቁል የምታይ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። ካፌውና የፈረንሳይ ምግብ ቤቱ ከባሕሩ ወገን ነው፤ የእኛ ሰዎች ሰፈር ከዚያ ራቅ ይላል። በአንድ ትንሽ ምግብ ቤት ሽሮና እንጀራ ቀርቦልን፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ከጎናችን ተቀምጠው ቡና ይጠጡ ነበር።

«እማማ፣ ጎንደር እያሉ ለሰንበት ወይን ነበረዎ?» አልናቸው።

«ወይን ከየት መጥቶ ልጆቼ? ዳቧችንና ጠላችን ነው። እሱን ነበር ቄሱ የሚባርኩ።»

«ክርስቲያን የነካውን ትጠጡ ነበር?»

ሳቁ። «ምን ጠላ ብቻ! ከገበያ ስንመለስ ወንዝ ገብተን ታጥበን ነበር ቤት የምንገባ። ጎረቤቶቻችን ‹አትንኩኝ› ብለው ስም አውጥተውልን አልነበር? እኛ ነበርን የማንነካ።» ትንሽ ዝም ብለው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እዚህ ደግሞ የማንነካው እኛ ሆንን አሉ።»

ሁለቱ «የማንነካ» አንድ ቃል ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን የተገላቢጦሽ ነው። በጎንደር ገጠር ቤተ እስራኤል ራሳቸውን ንጹሕ ለማድረግ ከሌላው ይርቁ ነበር። ያ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት በሌላ ሕዝብ መካከል ማንነታቸውን ያቆየ አጥር ነው። መሬት የማይወርሱ፣ በሸክላና በብረት ሥራቸው ቡዳ የሚባሉ ሰዎች «አትንኩን» ሲሉ የቀረቻቸውን ክብር ነበር የሚጠብቁት። እዚያ አጥሩን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። እዚህ በዚያው አጥር ከውጭ ቆሙ። እኛ እኒህን እናት ከሰማን በኋላ የወይን ማኅተም ማየት እንደ ቀድሞው አልቀለለንም። ማኅተሙ ስለ ወይኑ ጣዕም አንድም ነገር አይናገርም።

ከኔታንያ ወደ ሰሜን በሐይፋ አልፈን አኮ ገባን። አኮ በመስቀል ጦረኞች እጅ ከ1191 እስከ 1291 ዋና ከተማ ሆና የቆየች፣ ናፖሊዮን በ1799 ከብቦ ያልያዛት ከተማ ናት። አሮጌው ከተማ ከ2001 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በገበያው ውስጥ የሰኢድ ሁሙስ ቤት አለ፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ እሱም እኩለ ቀን ካለፈ አይገኝም። በባሕሩ ጫፍ ደግሞ ኡሪ ቡሪ የሚባለው የዓሣ ቤት ነው። ያቋቋሙት ኡሪ ጄሬሚያስ አይሁዳዊ ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ አረቡም አይሁዱም ጎን ለጎን ይሠሩበታል። በግንቦት 2021 በጋዛ ጦርነት ሳቢያ በከተሞች ውስጥ ረብሻ ሲነሳ አረብ ወጣቶች ይህን ቤት አቃጠሉት። የሰውየው ሆቴልም ተቃጠለ፤ በውስጡ ያረፉ አንድ አረጋዊ በደረሰባቸው ጉዳት ሞቱ። በዚያው ሰሞን በሌላኛዋ የባሕር ዳር ከተማ በባት ያም አይሁድ ወጣቶች የአረብ ሱቅ ሰባበሩ፤ አንድ አረብ ሾፌርም ከመኪናው ጎትተው ደበደቡ። ኡሪ ቡሪ በኋላ ተከፍቷል። ባለቤቱ ያኔ ለጋዜጦች የተናገሩት፣ ከነዚያው ሠራተኞቻቸው ጋር እንደሚቀጥሉ ነው።

ስለ ጋዛ ከዚህ በላይ መጻፍ ይከብደናል። ከጥቅምት 2023 በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። አንዲት ነገር ብቻ እንበል። የጋዛ ወይን በዓለም በተሸጠበት ዘመን የነበረው የቅዱስ ሂላርዮን ገዳም ፍርስራሽ በሐምሌ 2024 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ በዚያው ቀን አደጋ ላይ ባሉት ቅርሶች ዝርዝርም ተጻፈ። ጋዛውያን ዝብዲየት ጋምበሪ የሚሉት፣ ሽሪምፕ ከቲማቲምና ከቃርያ ጋር በሸክላ ድስት የሚበስልበት ምግብ አላቸው። እኛ አልቀመስነውም፤ የት ሄደን?

የመጨረሻው ጣቢያችን ከናሃሪያ አጠገብ ያለው ቴል ካብሪ ነው። የአቮካዶ እርሻ መካከል ያለ ጉብታ ነው፤ ከሩቅ ላየው ምንም አይመስልም። በ2013 እዚህ የከነዓናውያን ቤተ መንግሥት ሲቆፈር በአንድ ክፍል ውስጥ 40 ትላልቅ ጋኖች ተደርድረው ተገኙ። ወደ 3700 ዓመት ይሆናቸዋል፤ በአንድነት ሁለት ሺህ ሊትር ያህል ይይዙ ነበር። ጋኖቹ ክፍሉ ሲፈርስ ተቀብረው በመቅረታቸው፣ የሸክላው ግድግዳ የመጠጠው ሁሉ በቤተ ሙከራ ተመረመረ። ወይን ነው። ከወይኑ ጋር የዛፍ ሙጫ አለ፤ የጽድ ፍሬ አለ፤ ናና አለ፤ ቀረፋ አለ። ማርም አለ።

ይህንን ጉብታው ላይ ቆመን ስናነብ ከመካከላችን አንደኛዋ «ማር ካለበትማ» አለች፣ «ጠጅ ነዋ።»